የግቢያችንን ጎረቤቶች እንወቃቸው

(ይህ በጥቅምት ወር በሰፈራችን ዕድር አዳራሽ ለወላጆችና ለወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ጽሑፉን የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ ከሞላ ጎደል እንደተናገርኩት አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ!

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የዕድራችን ዳኛና የኮሚቴ አባላት፣ ወጣቶች፣ እዚያ ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆቼ፣ ሁላችሁም እንኳን ደኅና መጣችሁ። እሑድ ጠዋት ከእንቅልፍም ከሥራም ተነስቶ መምጣት ቀላል አይደለም። እግዜር ይስጥልኝ።

ዳኛችን ሲጋብዙኝ “ለኑሮ የሚጠቅም ነገር ይንገሩን” አሉኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ነው ያስተማርኩት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ግቢዬ ሰፊ አይደለም። አንድ ኮባ፣ አንድ የወይራ ዛፍ፣ ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ ያልተሠራበት የሣር ሜዳ አለ። እዚያ የሚኖሩትን አያለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ከነሱ ያገኘሁትን ነው።

መጀመሪያ ግን ልጠይቃችሁ። ዛሬ ጠዋት ከቤታችሁ ስትወጡ ወፍ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ። ጎበዞች! ብዙ ናችሁ። እሺ፣ ምን ወፍ ነበር? ቀለሙ ምን ይመስላል? ምን ይሠራ ነበር? አያችሁ፣ እጆች ሁሉ ወረዱ። አይተናል እንላለን እንጂ አላየንም። ዓይናችን ላይ አልፈው ሄዱ እንጂ።

ወገኖቼ፣ እኛ እኮ ጎረቤት የምናውቅ ሰዎች ነን። የማን ልጅ እንዳገባ፣ የማን እናት እንደታመመች እናውቃለን። አጥራችን ውስጥ የሚወልዱትን፣ የሚያሳድጉትን፣ የሚሞቱትን ግን አናውቃቸውም። ሳናውቃቸውም እንፈርድባቸዋለን። ይሄኛው ገፊ፣ ያኛው ቆሻሻ፣ ያቺ ደግሞ መዓት ጠሪ። ደጋግሞ ሳያዩ መፍረድ በነሱ ላይ እንለምደውና ሰው ላይም እናመጣዋለን። ዛሬ አራት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሱኝ።

አንደኛው የመስቀል ወፍ ነው። ሰሞኑን ሁላችሁም አይታችኋል። ደመራ ሲደመር፣ አደይ ሲፈነዳ ብቅ ይላል። ልጆች፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ይህ ወፍ የት ይሄዳል? (አንዱ “ሱዳን!” አለ፤ አንዷ “ሰማይ!” አለች።) መልሱን ልንገራችሁ። የትም አይሄድም! ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው።

የመስቀል ወፍ የምንላቸው ብዙ ዓይነት ናቸው። እኔ ሜዳው ላይ የማየው ጥቁር ሆኖ ጀርባውና ትከሻው ላይ ደማቅ ቢጫ ያለበትን ነው። ይህ ጌጥ የወንዱ ነው፤ ለመራቢያ ወቅት የሚለብሰው። ክረምቱ ሲገባ ቡናማ ላባውን እየጣለ ጥቁሩን ያወጣል። ሐምሌ ላይ ብታዩት ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ጥቁር፣ የተጣጣፈ ልብስ የለበሰ ነው የሚመስለው። የመራቢያው ጊዜ ሲያልቅ ደግሞ ጥቁሩን አውልቆ ቡናማውን ይለብሳል። ከዚያ በኋላ ከሴቷ አትለዩትም። ተራ የሣር ወፍ ነው። እኛም “ሄደ” እንላለን። ግን ጥር ላይ ወደ ሜዳው ሂዱና ቡናማዎቹ ሣር ላይ ሲለቅሙ ታገሡ። አንዱ ሲበር ጀርባውን እዩት። ያቺ ቢጫ አሁንም አለች። እሱ ነው! ባለፈው መስከረም በጭብጨባ ያያችሁት እሱ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ሰው አለ? ገና ሳይነጋ መንገዳችንን የምትጠርግ እናት አለች። ስንት ዓመት ሙሉ በአጠገቧ አልፈናል። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ጥቁሩን ጋውን ለብሳ በሰፈሩ ስታልፍ ሰው ሁሉ ወጥቶ እልል አለ። ደስ ብሎኛል፣ እኔም እልል ብያለሁ። ግን አጠገቤ የቆመ ሰው “የማን ልጅ ናት? ከየት መጣች?” ብሎ ጠየቀኝ። ከየትም አልመጣችም! እዚሁ ነው ያደገችው። እዚሁ ቧንቧ ላይ ወረፋ ስትይዝ ነው ያደገችው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ይህ በተለይ ለወላጆች ነው። ሸማኔ ወፍን ታውቁታላችሁ። ቢጫ ነው፤ ጎጆውን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ይሠራል። የእኔን ኮባ ቅጠል በቀጭኑ እየተረተረ ሲወስድ ብታዩት! በምንቃሩ ጠርዙን ይነክሳል፣ ወደ ላይ ይበራል፣ ቅጠሉ ረጅም ክር ሆኖ ይከተለዋል። ከዚያ አንዱን ጫፍ በእግሩ ረግጦ፣ ሌላውን በምንቃሩ አሹልኮ ይቋጥራል። እጅ የለውም። በምንቃርና በእግር ብቻ ነው እንዲህ የሚሸምነው።

ሰው “ተፈጥሮ ሰጥቶት ነው፤ ሳይማር ያውቃል” ይላል። በከፊል እውነት ነው። ኒኮላስ እና ኤልሲ ኮሊያስ የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ግን በመንደር ሸማኔ ወፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ጥናት አድርገዋል። ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ቅጠልና ሣር እንዳያገኙ የተደረጉ ወጣት ወንዶች በኋላ ቅጠሉ ሲሰጣቸው እንደሌሎቹ መሸመን አቃታቸው። በልጅነታቸው ቅጠል ሲጎትቱ፣ ሲበጥሱ፣ ሲያበላሹ ያደጉት ግን ቻሉ። መበጣጠሱ ራሱ ትምህርታቸው ነበር ማለት ነው።

እኔ ወጣት መምህር ሆኜ ባሕር ዳር አስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር፤ የሸማኔ ወፍ መንደር ነው። ጩኸታቸው ክፍል ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን አንድ አናጺ አባት ልጃቸውን በእጁ ይዘው መጡ። “መምህር፣ ይህ ልጅ እጁ አይረባም። ሚስማር ያጣምማል፣ ጣውላ ይሰነጥቃል። ከትምህርቱም ከሙያውም አልሆነ” አሉኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቷል። እኔ ምንም አልመለስኩም፤ ወደ ዛፉ ወሰድኳቸው። “ጋሼ፣ ያንን ጎጆ ይዩት፤ ያንኛውንስ?” አልኳቸው። አንዱ የተዋጣለት ነው፣ ክብ፣ በሩ ወደ ታች። ሌላው የተንጨበረረ ነገር ነው፣ ግማሹ ተንጠልጥሏል። “ይህ የወጣቱ ነው። ማንም ሴት አትገባበትም። እያበላሸ ይማራል” አልኳቸው። አናጺው ራሳቸውን ቀና አድርገው ብዙ ቆዩ። ሙያ የሚያውቅ ዓይን ነው፤ ቋጠሮውን ሳይቀር ነው ያዩት። ከዚያ “እኔም ስጀምር አባቴ ሚስማር ቆጥሮ ነበር የሚሰጠኝ፤ እንዳላበላሽ” አሉ። በሳምንቱ ልጁ ነገረኝ። ቤት ውስጥ አንድ ሣጥን ተርፎ የተጣለ እንጨት፣ “ያሻህን አድርግበት” ተብሎ ተሰጥቶታል።

እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ! ለልጆቻችሁ የሚያበላሹት ነገር ስጧቸው። ሊጥ ስጡ። አሮጌ ሬዲዮ ስጡ። መርፌና ክር ስጡ። ወንዱንም ሽንኩርት አስከትፉት፤ ያወፍረው፣ ያቃጥለው። ልጅ የሚነካው ነገር ሁሉ ተወስዶበት ስልክ ብቻ ከተተወለት፣ ያ ቅጠል የተከለከለ ወፍ ነው። በኋላ “ለምን አይችልም?” ብለን መቆጣት አንችልም።

ሌላም ልጨምር። ሴቷ መጥታ ጎጆውን ትፈትሻለች። ትገባለች፣ ትጎትታለች። ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ወንዱ ምን ያደርጋል? ጎጆው ሲደርቅና ሲጠወልግ ራሱ አፍርሶ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ይጀምራል። ወጣቶች፣ ሥራ አመልክታችሁ “አልተሳካም” ለተባላችሁ፣ ይህን ስትሰሙ ምን እንደተሰማችሁ አላውቅም። እኔ ግን ያንን ወፍ ሳይ እናንተን አስባለሁ። ከልቤ ነው።

ሦስተኛው፣ እቆይበታለሁ ያልኩት፣ የምንጠላቸው ናቸው። ጥንብ አንሳ፣ ጅብ፣ ጉጉት፣ እስስት። ማንን ረሳሁ? ቁራን! ቁራ ይቆየን።

ከጥንብ አንሳ ልጀምር። እኛ ዕድርተኞች ነን። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የሞተው በክብር ይነሣል። መንገድ ላይ የሞተውን ውሻ፣ ገደል የገባውን አህያ ግን ማን ያነሣዋል? የነሱ ዕድር ጥንብ አንሳ ነው። ወርሃዊ አይጠይቅም። ቄራ አካባቢ ጣራ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ ታዩታላችሁ። ሆዱ ውስጥ ያለው አሲድ እጅግ ብርቱ ነው፤ እኛን የሚገድል ጀርም እዚያ ይሞታል። ራሱ ላይ ላባ የሌለው ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም። የሞተ ከብት ውስጥ ራሱን ሲያስገባ ላባ ቢኖረው ደምና ጀርም ይይዝ ነበር። መላጣነቱ ንጽሕናው ነው።

ቢጠፉስ? ቢጠፉ ምን እንደሚሆን ሕንድ አይታዋለች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የሕንድ ጥንብ አንሳዎች ማለቅ ጀመሩ። ሦስት ዓይነቶች ከመቶ ከዘጠና አምስት በላይ ጠፉ። ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ተገኘ። ዳይክሎፌናክ! አዎ፣ እኛ ለወገብ ሕመም የምንወስደው መድኃኒት። ለታመመ ከብት ይወጉታል፣ ከብቱ ይሞታል፣ ጥንብ አንሳው ይበላዋል፣ ኩላሊቱ ይሞታል። ከብቱ ሜዳ ላይ ሲቀር ውሾች በዙ። ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ አብሮ ይመጣል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ አገዱ። እስከዚያ ድረስ ግን “አስቀያሚ” የተባለው ወፍ ሲያልቅ ስንቱ ሰው አዝኖለት ነበር?

እኛ ጣራ ላይ የምናየው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። እኛ በየቀኑ ስለምናየው የትም ሞልቷል ብለን እናስባለን። አልሞላም። አፍሪካ ውስጥ ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ሰው ለውሻ ወይም ለጅብ ብሎ ሥጋ ይመርዛል፤ እነሱ ቀድመው ይወርዱበታል።

ጅብስ? ከእንጦጦ ግርጌ ስለምንኖር ሌሊት ድምፁን ሁላችንም እንሰማለን። ልጆቻችንን ከሱ እንጠብቃለን፤ ልክ ነው፣ መጠበቅም አለብን። ሌሊት በር ዝጉ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ግን የሚሠራውን ደግሞ እንወቅለት። መቀሌ ላይ የተሠራና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የከተማዋ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ የሞተ እንስሳ ቅሪት እንደሚያነሡ አስልቷል። ያ ሁሉ ባይነሣ አባ ሰንጋና የሳንባ ነቀርሳ ወደ ከብትና ወደ ሰው ይመጣ ነበር።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። እዚያው ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ ውስጡ ያለውን ጸጉር መረመሩ። በዐቢይ ጾም ወቅት የአህያ ጸጉር በዛ። ለምን? ሰው ሲጾም ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ አጥንት አይጣልም። ጅቡ የሚለቅመው ሲያጣ ወደ አህያ አደን ሄደ። እኛ ማዕዳችንን ስንለውጥ እሱም ይለውጣል! ይህን ያህል ነው ኑሯችን የተሳሰረው። “ጅቡ ዘንድሮ ባሰበት” ከማለታችን በፊት እኛ ዘንድ ምን እንደተለወጠ ብንጠይቅ አይሻልም? ባልና ሚስትም እንደዚሁ። ጎረቤትም እንደዚሁ። “ተለወጠብኝ” የምንለው ሰው ስንቴ በኛው ለውጥ ተለውጧል?

ጉጉት። ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል የሚል እምነት አለ። ቅድም ስሟን ስጠራ ያማተቡ እናት አይቻለሁ፤ አከብርዎታለሁ እማማ። እኔ የማውቀውን ብቻ ልንገርዎት። ጉጉት አይጥ ሙሉውን ትውጣለች። የማይፈጨውን ጸጉርና አጥንት ጠቅልላ ትተፋዋለች፤ የአውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ጥቅል ነው። ተማሪዎቼ ጋር በመርፌ ስንፈታው ጸጉሩ መሀል ነጭ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል መንጋጋ፣ ጥርሷ ሳይቀር ወጣች። እኛ ተኝተን ጎተራችንን ስትጠብቅ ያደረች ወፍ ናት። ድንጋይ ይገባታል?

እስስትን በአጭሩ ልለፍ። መርዛማ አይደለችም። ቀለሟን የምትለውጠው በአብዛኛው ለመሙቅ፣ ለመቀዝቀዝና ለሌላ እስስት ስሜቷን ለመናገር ነው። ልጆች፣ አትውገሯት። ተቀምጣችሁ ዓይኖቿን እዩ፤ አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ነው የሚያየው።

ቁራ ይቆየን ብዬ ነበር። የኛ ቁራ፣ ያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከአካባቢያችን ውጭ የትም የለም። የውጭ አገር ሰው እሱን ለማየት ብሎ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል። እኛ “እሽ!” እንለዋለን። አሜሪካ ሲያትል ከተማ ተመራማሪዎች ጭምብል አድርገው ቁራዎችን ያዙና ለቀቁ። ከዓመታት በኋላም ያንን ጭምብል ያደረገ ሰው ሲያልፍ ቁራዎቹ ይጮሁበት ነበር። ያልተያዙት ሳይቀሩ ከሌሎቹ ተምረው ጮኹ። ቂም ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ በወፍም አለ ማለት ነው። እኛስ ለልጆቻችን የማንን ፊት እያሳየን ነው የምናሳድጋቸው? ይህን ቤታችሁ ሄዳችሁ አስቡበት።

አራተኛው አጭር ነው፤ ለአባቶች ነው። ዋኖስና ርግብ ጫጩታቸውን የሚመግቡት በወተት ነው። አዎ፣ ወፍ ሆነው! ምግብ የሚያጠራቅሙበት የጉሮሮ ከረጢት አላቸው። ጫጩት ሲፈለፈል ከዚያ ከረጢት ግድግዳ አይብ የሚመስል ወፍራም ነገር ያመነጫሉ። ይህን የምታመነጨው እናትየው ብቻ አይደለችም፤ አባትየውም ያመነጫል። ዕንቁላሉ ላይም ተራ ገብተው ይተኛሉ፤ በአብዛኛው ቀን ቀን እሱ፣ ሌሊት እሷ። የእኔ ወይራ ላይ ያሉትን ሲለዋወጡ ማየት እወዳለሁ። መጪው ከጎን ያርፋል፣ ተኝቶ የነበረው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ዕንቁላሉ ለአፍታም አይበርደው። አባቶች፣ ሌሊት ሕጻን ሲያለቅስ “እናቱ ትነሣ” የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብን። ሴቶቹ አጨበጨባችሁ! ወንዶቹስ? እሺ፣ ጥቂት አሉ።

አሁን የምለምናችሁ ነገር አለ። ዳኛችን ፈቅደውልኛል፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ቢሰፍርም ደስ ይለኛል። ዛፍ ከመቁረጣችሁ ወይም ከመከርከማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጎጆ ፈልጉ። ካለ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ አይፈጁም። የሣር ሜዳውን ሙሉ በሙሉ አትጨዱት። ከጀርባ በኩል አንድ ጥግ የመስቀል ወፍ ወልዶ እስኪጨርስ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይቆይ። ከብት ያላችሁ ዘመዶች ገጠር ካሉ፣ ሐኪሙ ለከብቱ ምን እንደሚወጋ ይጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ግን መርዝ። እባካችሁ የአይጥ መርዝ አትበትኑ። የተመረዘች አይጥ ወዲያው አትሞትም። እየተንገዳገደች ትወጣለች፤ ጉጉቷ ወይም የጎረቤት ድመት ይበላታል፣ እሱም ይታመማል ወይም ይሞታል። ከዚያ አይጥ የሚበላ ጠፍቶ አይጡ ይበዛል። ወጥመድ ተጠቀሙ። እህሉን ክዳን ባለው በርሜል አድርጉ። ወጥመድ መግዛት ለሚቸገር ሰው ዕድሩ ጥቂት ገዝቶ እንደ ድስቱና እንደ ድንኳኑ ቢያውስ ጥሩ ነው የሚል ሐሳብ አለኝ። ተወያዩበት።

ወጣቶች፣ ለእናንተ ሥራ አለኝ። በሚቀጥለው ወር ስንሰበሰብ እያንዳንዳችሁ ግቢያችሁ ውስጥ የሚኖር አንድ እንስሳ መርጣችሁ ያያችሁትን ትነግሩናላችሁ። በስልካችሁ ብትቀርጹም ጥሩ ነው፤ ከሩቅ ግን፣ ጎጆ ሳትነኩ። ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ከማን እንደሚጣላ ጻፉ። ስሙን ባታውቁትም ግድ የለም።

በሉ፣ ብዙ አወራሁ፤ ቡናውም ደርሷል። ቅድም “ሱዳን” ያልከው ልጅ እጅህን እንዳወጣህ ነው፤ ከአንተ እንጀምር።